ወተትና ትኩሳት፤ ስለ ወይዘሪት አሊስ ኢቫንስ የምርምር ሕይወት የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት



ከእንስሳ ወደ ሰው የሚሻገር ደዌ መኖሩን የአገራችን ባላገር ከሐኪም ቤት የተማረው አይደለም፤ አባ ሰንጋ የጣለውን በሬ ሥጋ መብላት ሞት መሆኑን፥ ያበደ ውሻ የነከሰውም ሰው ቁስሉ ቢሽር እንኳ ነገሩ ያለቀ አለመሆኑን አባቶቻችን አጉሊ መነጽር ሳያዩ ያውቁት ነበር። የዚህ ዓይነቱ ደዌ ክፋቱን በግልጥ ስለሚያሳይ ለመጠንቀቅ ይመቻል። ዛሬ ላነሣው ያሰብሁት ግን በይፋ የማይመጣውን ነው። ላሚቱ ትግጣለች፥ ታመሰኳለች፥ ትታለባለች፤ አንድ ጊዜ ወራቱ ያልደረሰ ጥጃ ከመጣሏ በቀር ነውር የሚገኝባት አይደለችም። ወተቷን የጠጣው ሰውም አብዛኛውን ጊዜ አይሞትም፤ ማታ ማታ ያተኩሰዋል፥ ሌሊት ላቡ አንሶላውን ያርሰዋል፥ ወገቡንና ጉልበቱን ይቈረጥመዋል፥ ጠዋት ቀለል ይለውና ወደ ሥራው ይሄዳል፥ ከሳምንታትም በኋላ «እፎይ ዳንሁ» ሲል ትኩሳቱ ተመልሶ ይመጣበታል። እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ ሐኪሙ አንድ ጊዜ በወባ፥ አንድ ጊዜ በታይፎይድ፥ አንድ ጊዜ በሳንባ ነቀርሳ ሲጠረጥረው ይቈይና በመጨረሻ ምንም ሲያጣበት «ሐሳብ ታበዛለህ» ብሎ ያሰናብተዋል። ሊቃውንቱ ይህን ደዌ ብሩሴሎሲስ ብለውታል፤ በከብት ላይ ሲሆን የውርጃ በሽታ እየተባለ ይጠራል።

የዚህን ደዌ ነገር ለማስረዳት ከሁሉ ይልቅ የአንዲት ሴት ሊቅ የምርምር ሕይወት ይመቻል ብዬ አምናለሁ፤ ይኸውም በአሜሪካ አገር የነበሩት የወይዘሪት አሊስ ካትሪን ኢቫንስ ሕይወት ነው። ጀርሙን መጀመሪያ ያገኙት እሳቸው አይደሉም፥ መድኃኒቱንም የቀመሙት እሳቸው አይደሉም። የሠሩት ሥራ በሁለት መዝገብ ተከፋፍሎ የኖረውን ነገር ጎን ለጎን ዘርግቶ መመልከትና «ይህ አንድ ነው» ብሎ መናገር ነበር። ነገሩ በአፍ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ሳይነገር የኖረው ግን ሃያ ዓመት ነው፥ በተነገረም ጊዜ አላምንም ካሉት ውስጥ ከዘመኑ ሊቃውንት እጅግ የተከበሩት ይገኙ ነበር።

ታሪኩ የሚጀምረው በሜዲትራንያን ባሕር መካከል ባለችው በማልታ ደሴት ነው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ የባሕርና የምድር ጦር ሰፍሮባት ነበርና፥ ከወታደሮቹ ብዙውን አልጋ ላይ የሚያውለው ጥይት ሳይሆን ትኩሳት ነበር፤ በዚህ ትኩሳት ሆስፒታል የገባ ወታደር ወራት ሳይቈይ ተሽሎት የሚወጣ አልነበረም። ዴቪድ ብሩስ የተባሉ የጦር ሐኪም በ1887 ዓ.ም. (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በትኩሳቱ ከሞቱ ወታደሮች ጣፊያ ውስጥ እጅግ ደቃቅ የሆነ ተሕዋስ ማግኘታቸውን አስታወቁ፤ መልኩ ክብ መስሎ ስለ ታያቸውም «ማይክሮኮከስ» ከሚባሉት ክብ ክብ ጀርሞች ወገን ቈጠሩት። ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ ሆኖም ጀርሙ በምን በር ወደ ሰው እንደሚገባ ከዚያ በኋላ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሳይታወቅ ቀረ። ከአየሩ ነው፥ ከቈሻሻው ነው፥ ከትንኝ ነው እየተባለ ብዙ ተከራከሩበት።

በ1905 የማልታ ተወላጅ የሆኑት ሐኪም ቴሚስቶክሊስ ዛሚት ምሥጢሩን አገኙት። በማልታ ከተማ ወተት ሻጭ ወተቱን በዕቃ ሞልቶ አይዞርም ነበር፤ ፍየሎቹን ራሳቸውን በየመንገዱ እየነዳ በየደጃፉ ይቆምና በገዢው ዕቃ ላይ ያልብ ነበር። ወተቱ ውሃ ያልተጨመረበት፥ ያልቈየ፥ ንጹሕ ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ይገኛል? ዛሚት የእነዚህን ደኅና የሚመስሉ ፍየሎች ደም ቢመረምሩ ብዙዎቹ ጀርሙን የተሸከሙ ሆነው ተገኙ፤ ወዲያውም ጀርሙ በወተታቸው ውስጥ መኖሩ ተረጋገጠ። በሚከተለው ዓመት የፍየል ወተት ለጦር ሠራዊቱ እንዳይሰጥ በታገደ ጊዜ በየዓመቱ በመቶ ይቈጠር የነበረው የወታደር ሕመምተኛ በአጭር ጊዜ ውስጥ ወደ ጥቂት ሰዎች ወረደ። (እኒህ ዛሚት ኋላ የማልታን ጥንታውያን የድንጋይ መቅደሶች ከመሬት በታች ቈፍረው በማውጣትም ታውቀዋል፤ የተሰወረውን ፈልጎ ማግኘት የተሰጣቸው ሰው ነበሩ።)

በዚያው በ1905 አንድ ሌላ ነገር ሆነ። የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር የእንስሳት እርባታ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የማልታ ፍየል ወተተ ብዙ መሆኗን ሰምቶ ስልሳ ያህል ፍየሎች አስገዛና «ጆሽዋ ኒኮልሰን» በተባለ መርከብ አስጫነ። በጉዞው ላይ የመርከቡ ሰዎች ትኩስ ወተት በማግኘታቸው ተደስተው ጠጡት፤ ከጠጡትም ብዙዎቹ በዚያ ትኩሳት ታመሙ። ልብ አድርጉልኝ፥ ይህ መሥሪያ ቤት ወይዘሪት ኢቫንስ በኋላ የተቀጠሩበት መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ የአሜሪካ የከብት ሊቃውንት ይህ ደዌ በወተት እንደሚመጣ በገዛ ጭነታቸው ላይ ተምረውት ነበር፤ ዳሩ ግን የፍየል ነገር፥ የሩቅ ደሴት ነገር ነው ተባለና መዝገቡ ተዘጋ።

በሌላ ወገን ደግሞ በዴንማርክ አገር በርንሃርድ ባንግ የተባሉ የእንስሳት ሐኪም ላሞችን በመንጋ የሚያስጨነግፈውን ጀርም በ1897 አግኝተው ነበር። ለእሳቸው ጀርሙ አጭር ዘንግ መስሎ ታያቸውና «ባሲለስ» ከሚባሉት ወገን ደመሩት። እንግዲህ አንዱ ክብ ሌላው ዘንግ፥ አንዱ የሰውና የፍየል ሌላው የላም ተብሎ፥ አንዱ በጦር ሐኪሞች መጽሔት ሌላው በከብት ሐኪሞች መጽሔት እየተጻፈ፥ ሁለቱ ሳይገናኙ ኖሩ። በ1914 ጃኮብ ትራውም የተባሉ አሜሪካዊ ከጨነገፈች ዐሣማ ጽንስ ተመሳሳይ ጀርም ባገኙ ጊዜ እንኳ ነገሩ የአርቢዎች ኪሣራ ተደርጎ ተቈጠረ እንጂ «ሰውንስ ምን ያደርገው ይሆን» ብሎ የጠየቀ ብዙ አልነበረም። እኔ እንደሚመስለኝ ጥፋቱ የአጉሊ መነጽሩ አልነበረም። የሰው ሐኪም ከጋጥ አይገባም፥ የከብት ሐኪም ከሆስፒታል አይገባም፤ ጀርሙ ግን ከሁለቱም ይገባ ነበር።

አሁን ወደ ወይዘሪት ኢቫንስ ልምጣ። እኒህ ሴት በ1881 በፔንሲልቫንያ ግዛት ኒዝ በምትባል የገጠር መንደር ከገበሬ ቤት ተወለዱ። ትምህርታቸውን ሲፈጽሙ ኮሌጅ ለመግባት ገንዘብ ስላልነበራቸው፥ በዚያ ዘመንም ለሴት ልጅ የተከፈተው የሥራ በር እጅግ ጠባብ ስለ ነበረ፥ አራት ዓመት የሕፃናት አስተማሪ ሆነው ሠሩ፤ ሥራውንም አልወደዱትም። ከዚህ ያወጣቸው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ለገጠር አስተማሪዎች ያለ ክፍያ ይሰጠው የነበረው የሥነ ፍጥረት ትምህርት ነው። አስተማሪዎቹ ይህን ተምረው ወደየትምህርት ቤታቸው ተመልሰው ሕፃናቱን ስለ ዕፀዋትና ስለ አዕዋፍ ያስተምሩ ዘንድ ታስቦ ነበር፤ ወይዘሪት ኢቫንስ ግን ከገቡ በኋላ አልተመለሱም። በ1909 በባክቴሪያ ጥናት የመጀመሪያውን ዲግሪ ተቀበሉ፥ በሚከተለውም ዓመት ከዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛውን ዲግሪ ወሰዱ። የዶክትርና ማዕርግ እንዲቀጥሉ ምክር ተሰጥቷቸው ሳለ ወደ ሥራው መግባትን መረጡ። ይህ ምርጫ ኋላ ብዙ ነገር አስከትሎባቸዋል።

በዚያው በእንስሳት እርባታ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የወተት ጥናት ክፍል ተቀጥረው በመጀመሪያ የሠሩት ስለ አይብ ነበር፤ ይኸውም በማዲሰን ከተማ አይብ ሲበስል ጣዕሙን የሚሰጡት ተሕዋስያን የትኞቹ እንደ ሆኑ መመርመር ነው። በ1913 ክፍሉ ወደ ዋሽንግተን ሲዛወር አብረው ሄዱ፤ በዚያም ሴት ሊቅ ትመጣብናለች ብለው ያልጠበቁ ሹማምንት ቅር እንደ ተሰኙ ተነግሯል። በዚያ የተሰጣቸው ሥራ የትኩስ ወተት ባክቴሪያ ጥናት ነበር። የዘመኑ ሐሳብ «ወተት ከጡት ሲወጣ ንጹሕ ነው፥ የሚያበላሸው የአላቢው እጅ፥ የዕቃው ቈሻሻ፥ የጋጡ አቧራ ነው» የሚል ነበር፤ ከጋጥ ንጽሕና በላይ የሚያሳስብ ነገር የለም ማለት ነው። ወይዘሪት ኢቫንስ ግን በጥንቃቄ ከታለበ፥ ደኅና ከምትመስል ላም ጡት ከወጣ ወተት ውስጥ፥ ያንን ባንግ ያገኙትን የውርጃ ጀርም ደጋግመው ያገኙት ጀመር። በዚህ ጊዜ ነው «ይህን ሰው እየጠጣው ነው፤ ታዲያ ሰውየው ምን ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ የያዛቸው።

አሠራራቸውን ቀረብ ብለን እንመልከት። ከማልታ ትኩሳት ሕመምተኞች የተገኘውን ጀርምና ከላሞች የተገኘውን ጀርም በየብልቃጡ አስተክለው አበቀሏቸው። ቀለም ነክረው በአጉሊ መነጽር ሲያዩአቸው ክብና ዘንግ የተባሉት ሁለቱ ጀርሞች አንድ መልክ ነበራቸው፤ ክብ ለማለት ጥቂት የረዘሙ፥ ዘንግ ለማለትም እጅግ ያጠሩ ነበሩና ብሩስም ባንግም እንደየዐይናቸው ትክክል ተናግረው ነበር ማለት ይቻላል። መልክ ግን ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ወደ ደም ምርመራ አለፉ። አንድ ጥንቸል በአንድ ጀርም ሲወጋ ደሙ ያንን ጀርም የሚያውቅ ኀይል ያፈራል፤ ከደሙ የተለየውን የጠራ ውሃ፥ ሊቃውንቱ ሴረም የሚሉትን፥ በመስታወት ቱቦ ውስጥ ከጀርሙ ጋር ብትቀላቅሉት፥ አስቀድሞ እንደ ጉም የደፈረሰው ፈሳሽ ከሰዓታት በኋላ እየጠራ ይሄዳል፥ ጀርሞቹም ተጓጕለው በደቃቅ ፍርፋሪ መልክ ከቱቦው ሥር ይዘቅጣሉ። ባዕድ የሆነ ጀርም በዚያው ሴረም ቢጨመር ግን ፈሳሹ እንደ ደፈረሰ ይቀራል። እሳቸው በላም ጀርም የተወጋውን ጥንቸል ሴረም በማልታው ጀርም ላይ አፈሰሱት፤ ተጓጐለ። በማልታው ጀርም የተወጋውን በላሙ ላይ አፈሰሱት፤ ያም ተጓጐለ። ሴረሙ እየቀጠነ ሲሄድም ሁለቱ ጀርሞች እኩል ይመልሱ ነበርና በዚህ መንገድ አንዱን ከሌላው መለየት አልተቻለም። እንግዲህ የደሙ ምስክርነት ከስሞቹ ጋር አልተስማማም።

ይህን በ1917 መጨረሻ ለአሜሪካ የባክቴሪያ ሊቃውንት ማኅበር አቀረቡ፥ በ1918 ታትሞ ወጣ። በጽሑፋቸውም ሁለቱ ጀርሞች የቅርብ ዘመዶች መሆናቸውን ከመግለጥ ዐልፈው፥ ካልፈላ የላም ወተት የሚመጣ፥ ነገር ግን ሐኪሞች ሳያውቁት የሚቀር የሰው ሕመም አይኖር ይሆን ብለው ጠየቁ። ይህ ጥያቄ ነው ጠብ ያመጣው።

ከተቃዋሚዎቹ ዋናው ቲዮባልድ ስሚዝ ነበሩ። እኒህን ሊቅ በክፉ ላነሣቸው አልወድም፤ በ1893 የቴክሳስን የከብት ትኩሳት የሚያስተላልፈው መዥገር መሆኑን ከባልደረባቸው ጋር ያስረዱ፥ የላምን ነቀርሳ ጀርም ከሰው ነቀርሳ ጀርም የለዩ፥ በአገራቸው ከሳቸው የሚበልጥ የእንስሳት ደዌ ሊቅ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነገራቸውም ከንቱ አልነበረም። የውርጃ ጀርም በአሜሪካ ላሞች ዘንድ እጅግ የበዛ ነው፥ ሕዝቡም ጥሬ ወተት ይጠጣል፤ እንግዲያስ ሕመምተኞቹ የት አሉ? ብለው ይጠይቁ ነበር። በሰው ልማድ ሲታይ ይህ ጥያቄ መልስ የሌለው ይመስላል፤ ኋላ እንደ ታየው ግን ሁለት መልስ ነበረው። አንደኛው፥ የላሙ ዓይነት ጀርም ሰውን የሚይዘው ከፍየሉ ዓይነት ባነሰ ኀይል ነው። ሁለተኛውና የከፋው፥ ሕመምተኞቹ ነበሩ፤ በወባ፥ በታይፎይድ፥ በነቀርሳ፥ በቁርጥማት ስም በየሆስፒታሉ ተመዝግበው ተኝተው ነበር። ያልተጠየቀ ደም አይመልስም። በዚህ ላይ ተናጋሪዋ ሴት መሆናቸው፥ የዶክትርና ማዕርግም የሌላቸው መሆኑ አድማጮቹን እንዳላበረታታ ግልጥ ነው፤ እነ እገሌ ያልደረሱበትን እሳቸው እንዴት ደረሱበት የሚል ነገር ነበር። የወተት ነጋዴዎች ደግሞ ከወተት ማፍሊያ መሣሪያ ሠሪዎች ጋር ተስማምተዋል እያሉ ያሟቸው ጀመር።

ሆኖም ሌሎች ሊቃውንት ፈተናውን ደገሙት። በ1920 በሳን ፍራንሲስኮ ካርል ማየር ከባልደረባቸው ጋር ያንኑ ውጤት አገኙና ለሁለቱ ጀርሞች አንድ የወል ስም አወጡ፤ ለዴቪድ ብሩስ መታሰቢያ እንዲሆን «ብሩሴላ» አሉት። ጥቂት ቈይቶ በደቡብ ሮዴዥያ ቤቫን የተባሉ የእንስሳት ሐኪም ከላሞች የተያዙ ሰዎች መኖራቸውን አስታወቁ። በ1924 ደግሞ በባልቲሞር ከተማ ከፍየል ጋር ምንም ያልተገናኘ አንድ ሕመምተኛ በሆስፒታል ተገኘ፤ ከደሙ የወጣውን ጀርም መርምረው የላሙ ዓይነት መሆኑን የለዩት ወይዘሪት ኢቫንስ ራሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ሐኪሞች መጠየቅ ሲጀምሩ በየአገሩ መገኘት ጀመረ።

በዚህ መካከል እሳቸው መሥሪያ ቤታቸውን ለውጠው በ1918 ወደ ሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት ቤተ ሙከራ ተዛውረው ነበር፤ በጦርነቱ ጊዜ የማጅራት ገትር ሴረም ሥራ ተሰጥቷቸው ቈይተው ወደ ብሩሴላ ተመለሱ። በ1922 የሚመረምሩት ጀርም ያዛቸው። በዚያ ዘመን የነበረ ተመራማሪ ጀርሙን በአፉ በሚስበው የመስታወት ቱቦ ይቀዳ ነበር፥ እንደ ዛሬው የተዘጋ መሥሪያ ሣጥንም አልነበረምና፥ ከብሩሴላ ጋር የሠራ ሰው መታመሙ እምብዛም የሚያስደንቅ አልነበረም። የሚያስደንቀው ሕመሙ አለመልቀቁ ነው። ሃያ ዓመት ያህል ትኩሳቱ፥ ድካሙና የመገጣጠሚያው ሕመም እየሄደ እየመጣ ኖረባቸው፤ ደኅና ወራት ነበሯቸው፥ ከዚያም ከአልጋ የሚያውሉ ወራት ይመጣሉ። ስለዚህ ደዌ ከሳቸው የበለጠ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ ሳይኖር፥ ሐኪሞቻቸው ለብዙ ጊዜ ሕመሙን የነርቭ ድካም ነው ይሏቸው ነበር፤ ኋላ ጀርሙ ከገዛ ሰውነታቸው ተወስዶ ሲበቅል ነው ክርክሩ ያለቀው። በ1934 ስለማይለቀው ብሩሴሎሲስ በአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ሲጽፉ «የነርቭ ድካም» የተባለው ፍርድ በሕመምተኛው ላይ የሚያደርሰውን ውርደት አንሥተዋል። ሌላ ሊቅ ቢጽፈው ርኅራኄ ይባል ነበር፤ እሳቸው ሲጽፉት ምስክርነት ነው።

ጀርሙ እንዲህ የሚቈይበትን ምክንያት ዛሬ በመጠኑ እናውቃለን። ብሩሴላ በሰው ደም ውስጥ ሲገባ፥ ባዕድ ነገርን እንዲውጡ የተሠሩት ሕዋሳት ይውጡታል፤ እሱ ግን በሆዳቸው ውስጥ አይሞትም፥ ሌባ ከዘበኛው ቤት እንደ ተደበቀ በዚያው ተቀምጦ ይራባል። ከዚያ ሆኖ ወደ ጣፊያ፥ ወደ ጉበት፥ ወደ አጥንት መቅን ይሄዳል፥ እየወጣም ትኩሳቱን ይቀሰቅሳል። ለዚህም ነው አንድ ዓይነት መድኃኒት ለጥቂት ቀን ወስዶ መተው የማይበጀው፤ ሐኪሞች ዛሬ ሁለት መድኃኒት አጣምረው ስድስት ሳምንት የሚያህል ጊዜ ያዛሉ። ላሚቱን ለምን ያስጨነግፋታል ላለ ደግሞ መልሱ ከ1960ዎቹ ወዲህ ተገኝቷል፤ በላም፥ በበግ፥ በፍየልና በዐሣማ የእንግዴ ልጅ ውስጥ ኤሪትሪቶል የተባለ ስኳር መሰል ነገር ይገኛል፥ ጀርሙም ይህን ከሌላ ምግብ አስበልጦ ይወዳልና በዚያ ተከማችቶ ይፈላል። የጨነገፈችው ላም የምትጥለው ጽንስና የእንግዴ ልጅ፥ የሚፈሳትም ውሃ፥ በብሩሴላ የተሞላ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

በ1928 የአሜሪካ የባክቴሪያ ሊቃውንት ማኅበር ወይዘሪት ኢቫንስን ሊቀ መንበሩ አድርጎ መረጣቸው፤ ከሴቶች የመጀመሪያዋ እሳቸው ነበሩ። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት በጥርጣሬ ያዳመጣቸው ማኅበር ነው ይህን ያደረገው። የወተቱ ነገር ግን ከሹመታቸው ይልቅ ቀስ ብሎ ሄደ። ወተትን በ63 ዲግሪ ሙቀት ለሠላሳ ደቂቃ ማቈየት ብሩሴላን እንደሚገድል ታውቆ ሳለ፥ ትልልቆቹ ከተሞች ቀደም ብለው በነቀርሳና በታይፎይድ ምክንያት ሕግ ቢያወጡም፥ በየትንንሹ ከተማና በየመንደሩ ጥሬ ወተት መሸጡ ቀጥሎ ነበር፤ ሕጉ በብዙ ስፍራ የተስፋፋው በ1930ዎቹ ነው። በ1934 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የከብቱን ደም እየመረመረ የታመመችውን ላም ከመንጋው የሚያስወግድ ሥራ ጀመረ። ጥጆች የሚከተቡበትም ክትባት ዕድለኛ ልደት አለው፤ በ1923 ከአንዲት ላም ወተት የተገኘ ብሩሴላ በቤተ ሙከራ ውስጥ ተረስቶ ቈይቶ ኀይሉ የደከመ ሆኖ ተገኘና «ዘር 19» በሚል ቍጥር በዓለም ሁሉ ታወቀ።

በ1945 ጡረታ ወጡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንድ ነገር፥ ከባክቴሪያ ጋር ባይገናኝም፥ ጠባያቸውን ስለሚያሳይ ልጥቀሰው። በ1966፥ በሰማንያ አምስት ዓመታቸው፥ ለአረጋውያን የተቋቋመውን የመንግሥት የሕክምና ዋስትና ለማግኘት ማመልከቻ ሲሞሉ፥ የኮሙኒስት ድርጅት አባል አለመሆናቸውን እንዲያረጋግጡ የሚጠይቅ ቃል አገኙበት። ኮሙኒስት አልነበሩም፤ ነገር ግን ለሕክምና የሚቀርብ ሰው ስለ ሐሳቡ መጠየቅ የለበትም ብለው አልፈርምም አሉ። በሚከተለው ዓመት መጀመሪያ የፍትሕ ሚኒስቴሩ ድንጋጌው ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደማይስማማ ተቀበለ። ወይዘሪት ኢቫንስ በ1975 በዘጠና አራት ዓመታቸው ዐረፉ።

አሁን ወደ ገዛ ቤታችን ልመለስ፤ ይህ ደዌ በእኛ ከብት፥ በፍየሎቻችንና በግመሎቻችን ውስጥ አለና። በደጋው የክርስቲያን ቤት ጾሙ ብዙ ስለ ሆነ ወተቱ አብዛኛው ወደ ቅቤ ይሄዳል፤ በአፋር፥ በቦረናና በሶማሌ ቈላ ግን የፍየልና የግመል ጥሬ ወተት የየዕለቱ ምግብ ነው፥ እረኛውም ከሜዳ ላይ አልቦ ይጠጣል። ከወተቱ ሌላ የሚረሳ በር አለ። ላም ስትወልድ ወይም ስትጨነግፍ ባለቤቱ እጅጌውን ጠቅልሎ በባዶ እጁ ይረዳታል፥ የወደቀውን የእንግዴ ልጅ አንሥቶ ይጥላል፥ ውሻም ይጐትተዋል። ጀርሙ በተሰነጠቀ ቈዳና በዐይን ሳይቀር ይገባልና ከወተቱ ያላነሰ የሚያሰጋው ይህ ነው። የወደቀው ጽንስ ጥልቅ ጕድጓድ ተቈፍሮ ይቀበር፤ የሚነካው ሰው ጓንት ባያገኝ እጁን በላስቲክ ይሸፍን፥ ኋላም በሳሙና ይታጠብ። ነፍሰ ጡር ሴትም በዚህ ሥራ አትግባ። ሐኪሞቻችንንም አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ፤ ትኩሳቱ የማይገለጥ ሕመምተኛ ሲመጣባችሁ «በቤትህ ከብት አለ ወይ? በዚህ ዓመት የጨነገፈች አለች ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ስለዚህ ነገር በተናገርሁበት ሁሉ እመቤቶች የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ «የወተቱን ዕቃ በወይራ እናጥነዋለን፥ እርጎ እናደርገዋለን፥ አይብ እናወጣለን፤ ይህ አይበቃም ወይ?» ይላሉ። ጭሱ በዕቃው ውስጥ ያለውን ብዙ ተሕዋስ ይቀንሳል፥ መዓዛውም ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ከላሚቱ ጡት ከወተቱ ጋር የመጣውን ብሩሴላ አያጠፋም። የእርጎው ኮምጣጣነት ጀርሙን ያዳክመዋል፥ እርጎው እጅግ ሲኮመጥጥና ሲቈይም ይገድለዋል፤ ትናንት የረጋውና ዛሬ ጠዋት የሚቀርበው ለስላሳ እርጎ ግን አያስተማምንም። አይባችን አሬራው በእሳት ተጥዶ የሚወጣ ስለ ሆነ እንደ ባሕር ማዶው ጥሬ አይብ አይደለም፤ ይሁንና ብዙ እመቤቶች አይቡ እንዳይደርቅ ብለው እሳቱን አሳንሰው ለብ ሲል ያወርዱታል፥ ይህ ሙቀት አይበቃም። ቅቤውንም ቢሆን ጥሬውን ለራስ ከመቀባትና ከመብላት ይልቅ የተነጠረው ይሻላል። ለሕፃን የሚሰጥ ወተት ግን እስኪገነፍል ይፍላ፤ ከገነፈለ በኋላ ወርዶ፥ ቀዝቅዞ፥ ይረጋ ቢሉ ይረጋል።